የምሽጉ ዳቦ ቀማሾች

ዳቦ መጋገር የተማርኩት ከጣሊያን ምድጃ ነው ስል ሰው ዓይኑን ያፈጥብኛል። ጡረታ የወጣሁ ዕለትም ያው ሆነ። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ምሳ አዘጋጅተው፣ ጋቢ አልብሰውኝ፣ አዲሱ የአስተዳደር ኃላፊ ተነሣና «እማማ ይታይሽ፣ ይህን ሙያ ከእናትዎ ነው የወረሱት?» አለኝ። ልጁ ደግ ነው፤ ደስ የሚል ነገር እንድናገር መንገድ ሲከፍትልኝ ነው። «የለም ልጄ፣ እናቴን አላውቃትም። ያስተማሩኝ አንድ የጣሊያን ጦር አስካሪ ናቸው» አልኩት። ወጣቶቹ ቀልድ መስሏቸው ሣቁ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሎች ግን አልሣቁም። አንደኛው ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ ሲያንሾካሹክ አየሁት። ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ግን አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከኋላዬ ሲባል የኖረ ነው።

እንግዲህ እቤት ከዋልኩ አይቀር ነገሩን ከሥሩ ላውራው።

የኋለኛው ዘመኔ ብዙ ወሬ የለውም። ከነፃነት በኋላ ጉንደ ወይን መንገድ ዳር ለሹፌሮች ዳቦ ጋግሬ ሸጥኩ። ከዚያ ደብረ ማርቆስ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ሴቶቹ ዱቄት ይሰርቃሉ ብሎ ስንወጣ በር ላይ ቀሚሳችንን የሚያስራግፍ ሰው ነበር። ሳራግፍ ዱቄት ብን ይላል፤ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፣ ሌላ ምን ሊበን ኖሯል! አንድ ቀን «ጠርገው ይውሰዱትና ለቁርስዎ ይጋግሩበት» ብዬ ብመልስለት ከደመወዜ ቀጣኝ። ቀጥሎ ሆስፒታሉ ወጥ ቤት ገባሁ፤ እዚያው አረጀሁ። ጡረታዬ ትንሽ ናት፤ ከሰው አታስለምነኝም።

ሥራውን ያወቅሁት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች በሚሰበሰቡበት ግቢ ውስጥ ነው።

የተወለድኩት ደብረ ኤልያስ አካባቢ ነው። እናቴ እኔን ወልዳ ሞተች፤ አባቴ ብቻውን አሳደገኝ። ጣሊያን ከገባ ጥቂት ቆይቶ ወታደሮች መንደራችን መጡና አባቴን መንገድ ምራን ብለው ወሰዱት። እኔ ውሃ ወርጄ ነበር፤ አላየሁም። ግማሹ ሰው «የፊጥኝ ታስሮ ሲነዳ አይተነዋል» አለ። ግማሹ «በበቅሎ ተቀምጦ ከፊት ከፊት ሲሄድ ነው ያየነው» አለ። አባቴ አልተመለሰም። ብዙም ሳይቆይ መንደሩ ተቃጠለ። ቤታቸው የነደደባቸው ሰዎች እኔን ሲያዩ ዓይናቸው ይለወጥ ጀመር። አንዲት የአባቴ ዘመድ ገበያ እንሂድ ብላ ደብረ ማርቆስ ይዛኝ መጣች፤ ጨው ገዝቼ እስክመለስ ጠብቂኝ ብላ አስቀመጠችኝ። ገበያው ተበተነ፤ እሷም በዚያው ቀረች።

ያነሣችኝ አንዲት ነጭ መነኩሴ ናት። ሰዎቿ «ሱዎራ» ይሏታል፣ እኛ ልጆቹ ሱራ አልናት። ጫካ ከገባ አንድ ባላባት የተወረሰ ግቢ ውስጥ ልጆች ትሰበስብ ነበር፤ ከተቃጠለ መንደር የተረፉ፣ እናት አባታቸው የተገደሉባቸው፣ ተስቦ ቤተሰባቸውን የጨረሰባቸው። ግቢው ከጣሊያን ምሽግ ሥር ነበር። ከግድግዳው በላይ የወታደሮቹ ባርኔጣ ይታየናል።

ስትመግበን፣ ስታለብሰን፣ ቁስላችንን ስታጥብልን ማን ያምናታል? «ገዳይ የገደለውን ሰው ልጅ ለምን ያሳድጋል?» እያልን በየጥጋችን እንጠያየቅ ነበር። ከሁላችንም ትልቋ ልጅ «አስብተው በመርከብ ወደ አገራቸው ሊወስዱን ነው» አለች። ሌላዋ «ደማችንን ሊቀዱት ነው» አለች። ዳቦ ሲሰጠን መጀመሪያ ለግቢው ውሻ እንቆርስና ይሙት አይሙት እንጠብቃለን። ውሻው ወፈረ፤ እኛ ከሳን።

እርስ በርሳችንም ያው ነን። የማን አባት ምን እንደነበረ ሁሉም ይጠይቃል። የኔ ወሬ ከደብረ ኤልያስ ተከትሎኝ ስለመጣ «የባንዳ ልጅ» የሚለው ስም ወጣልኝ። ብርድ ልብስ ለሁለት ልጅ አንድ ነበር፤ ከኔ ጋር መተኛት የፈለገ አልነበረም። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ ባንቺአየሁ የምትባል ልጅ ከዲማ በኩል ስትመጣ ባዶው ቦታ የኔ ጎን ብቻ ሆነና እዚያ አደረጓት። የሷ አባት አርበኛ ነበር። ይዘው ገበያ መሐል ሰቀሉት። እናቷ በሐዘኑ ላይ ታማ ሞተች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለኔ ነግረዋት ኖሯል። መጣችና የብርድ ልብሱን ጫፍ ከእጇ አንጓ ጋር በክር አሰረችው።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«እንዳትወስጅብኝ።»

«የሁለታችንም ነው እኮ።»

«እሱን አያለሁ።» ክሩን አጠበቀችና «አባትሽ ባንዳ ነው አሉ» አለች።

«አላውቅም።»

«ሰው አባቱን እንዴት አያውቅም?»

«አባቴን አውቀዋለሁ። ያደረገውን ነው የማላውቀው።»

ይህን ስትሰማ ዞራ አየችኝ። «አላምንሽም» አለች። «ግን እስካሁን ስትዋሽ አላገኘሁሽም።»

ባንቺ እንዲህ ናት። በማግስቱ ልጆቹ ውሃ መቅጃው ላይ ከበውኝ ሲገፈታትሩኝ እንስራዋን አስቀምጣ መጣችና መሐላችን ቆመች። «እሷን የምጠረጥራት እኔ ነኝ። አብሬያት የምተኛውም እኔ ነኝ። እናንተን ምን አገባችሁ?» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የነካኝ የለም። እሷም ግን ክሩን ከእጇ ያልፈታችው ብዙ ጊዜ ቆይታ ነው።

በግቢው ጓሮ ትልቅ የጡብ ምድጃ ነበር፤ ጣሊያኖቹ ፉርኖ የሚጋግሩበት። ለምሽጉ ወታደር የሚሆነው ዳቦ በየቀኑ የሚወጣው ከዚያ ነው። ጋጋሪው ከመረብ ማዶ የመጡ ባሻይ ገብረዝጊ የሚባሉ ሽማግሌ አስካሪ ነበሩ። እኔና ባንቺ ሊጥ እንድናቦካ ተሰጠናቸው።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ሁሉ ይጠሏቸው ነበር፤ የጠላት መለዮ የለበሰ ያገር ሰው ከጠላት ይብሳል ይላሉ። እሳቸውም ልጅ አያምኑም ነበር። ዱቄት ቤቱን ቆልፈው አያውቁም፤ ነገር ግን ማታ ሲወጡ በየጆንያው ዱቄት ላይ በጣታቸው መስቀል ያደርጋሉ። ጠዋት መስቀሉ ከተበላሸ ማን እንደነካው ሳያውቁ ሥራ አይጀመርም። «ማመን ጥሩ ነው ጓለይ» ይሉናል፤ ጓለይ ባገራቸው ልጄ ማለት ነው። «አይቶ ማመን ግን ያጠግባል።»

ሁሉን ነገር በዓይናቸውና በጃቸው ያዩታል። ስንዴው ሳይፈጭ በፊት ሰፌድ ላይ ዘርግተው ጠጠሩን፣ ሙጃውን፣ በተለይ እንክርዳዱን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ባላገር እንክርዳድን ያውቀዋል፤ ስንዴ መስሎ ከስንዴ ጋር ይበቅልና የበላውን ያዞረዋል፣ ያሰክረዋል። እኛም ጎናቸው ተቀምጠን እንለቅማለን። የለቀምነውን እንደገና ያዩታል። እንደገና ያዩትን እንደገና ያሳዩናል።

ምድጃው በወይራ እንጨት ይነድዳል። ፍሙ ተጠርጎ ሲወጣ ወለሉን በረጠበ ጆንያ ያብሱትና አንድ ጭብጥ ዱቄት ወደ ውስጥ ይበትናሉ። ዱቄቱ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፤ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ቀስ ብሎ እንደ ገብስ ቆሎ ከቀላ ሊጡ ይገባል። ዳቦው ሲወጣ ገልብጠው ሥሩን በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። የበሰለ ዳቦ እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ያልበሰለው ድምፁን ይውጠዋል። «ዝም የሚል ዳቦና ዝም የሚል ሰው አንድ ናቸው፤ ውስጣቸው ገና ነው» ይሉ ነበር።

ምሽጉም በበኩሉ እኛን አያምንም። አርበኞች በየጊዜው ስለሚያጠቁ ካፒታኖው፣ የጦሩ አለቃ፣ በዳቦው መርዝ እንዳይገባ ይፈራል። ስለዚህ ሰው ሳይቀምሰው ዳቦ ከግቢው አይወጣም ተባለ። ባሻይ «እኔ ልቅመስ» ሲሉ አልተፈቀደላቸውም። አስተርጓሚው፣ ጥቁር መነጽር የማይለየው አንድ ያገራችን ሰው፣ ለካፒታኖው ምክር ሰጠው። በኋላ እሱ ራሱ እየሣቀ ነግሮናል፦ «ሽማግሌ ለዓላማው ሊሞት ይችላል። ሕፃናት ይቅመሱ። አንደኛዋ የሽፍታ ልጅ፣ ሌላኛዋ የኛ ሰው ልጅ ትሁን። አንዷ ብታጠፋ አንዷ ትናገራለች።»

እንዲህ ሆነን ቀማሾች ሆንን። ጠዋት ጠዋት አንድ ኮርፖራል ይመጣና ከተቆለለው ዳቦ መሐል አንዱን ይመዝዛል። ከሁለት ይገምሰዋል። እኔና ባንቺ ፊት ለፊት ቆመን እንበላለን። እሱ አፋችንን ያያል፤ እኛ እርስ በርስ እንተያያለን። «አንቺ ቀድመሽ ዋጪ» ትለኛለች ባንቺ በዝግታ። «አብረን» እላታለሁ። አብረን እንውጣለን። ኮርፖራሉ ትንሽ ቆይቶ ምላሳችንን አይቶ ዳቦውን ያስጭናል።

ለምሽጉ እንጨት የምታመጣ አንዲት ሴት ነበረች። ሸክሟን ጓሮ አውርዳ ትሄዳለች፤ ከማንም አትነጋገርም። አንድ ቀን ግን ባንቺን ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ይዛት ስታንሾካሹክ አየሁ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ከጡቷ ሥር አውጥታ ሰጠቻት። ባንቺ ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገችው። ወደ እኔ ስትመጣ «ምንድነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«የሰጠችሽ።»

«ምንም አልሰጠችኝም» አለችና ሊጡን ማሸት ጀመረች። ባንቺ ዋሽታኝ አታውቅም ነበር። ሊጡን የምታሸው እንደ ጠላት እየደበደበች ነው። እኔም ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከጇ ላይ አልነቀልኩም።

በዚያው ሰሞን አርበኞች መንገዱን ቆርጠውት ከውጭ የሚመጣው ስንዴ ቀረ። ካፒታኖው ከከተማው ወፍጮ የተፈጨ ዱቄት አስገዝቶ አመጣ። ባሻይ ጆንያዎቹን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ስንዴ ቢሆን ይለቀማል፤ ዱቄት ምኑ ይለቀማል? መዳፋቸው ላይ ቆንጥረው በውሃ አራሱት፣ አሸተቱት፣ በምላሳቸው ነኩት።

«መረር ይላል» አሉት ኮርፖራሉን። «ነገ ልጋግረው። ዛሬ እኔ ትንሽ በልቼ ልየው።»

ኮርፖራሉ ጦሩ ለዘመቻ እየተነሣ መሆኑን ነገራቸው። ባዶ ሆዱን አይወጣም፣ አሁን ጋግር አላቸው። ባሻይ ትንሽ ዳቦ ለብቻዋ ጋገሩና በሏት። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ኮርፖራሉ ሰዓቱን እያየ ይንጎራደዳል፣ ይሳደባል። ባሻይ ምንም አልሆኑም። በመጨረሻ አማተቡና ተነሡ፤ ሊጡን አስቦኩን።

ስንቀምስ ባንቺ ቀና ብላ አላየችኝም። ይህንን ልብ ብያለሁ።

ዳቦው ተጫነ። ከምሽጉ የተረፈው ቁራሽ ደግሞ እንደ ልማዱ በሻይ እየተነከረ ለትንንሾቹ ልጆች ታደለ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲሽከረከር ተሰማኝ። ግድግዳው ወደኔ የመጣ መሰለኝ። ባንቺ መሬት ላይ ተቀምጣ ታስታውካለች። ባሻይ የምድጃውን አፍ ይዘው ቆመው ነበር፤ እግራቸው አልጸናላቸውም። ከግድግዳው ማዶ ከምሽጉ ጩኸት ተነሣ። ወታደሮቹ እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ ይወድቃሉ፣ ያስታውካሉ። አንዱ ዘብ ከምሽጉ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ከኛ ግቢ ደግሞ ጥሩ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ገና በቅጡ የማትናገር። ከዚያ በፊት ትኩሳት ይዟት ሰንብቶ ነበር። ሱራ ታቅፋት ወዲያ ወዲህ ስትል ዋለች። ሳይመሽ ሞተች። በትኩሳቱ ይሁን በዳቦው፣ ቆርጦ የነገረን የለም። ሱራ ግን ስትቀበር አፈሩ እስኪመለስ ድረስ ከጉድጓዱ አጠገብ አልተነሣችም። ያን ቀን ነው መጀመሪያ ጊዜ ደማችንን የሚቀዳ ሰው አድርጌ ሳላያት የቀረሁት።

በማግስቱ ባሻይን፣ ባንቺንና እኔን ወደ ምሽጉ ወሰዱን። ለየብቻ አስገቡን። ካፒታኖው መርዙ ሆነ ተብሎ ቶሎ የማይገድል ነው የተመረጠው፣ የቅምሻውን ሕግ በሚያውቅ ሰው የተሠራ ነው ይላል። ባሻይ የነበሩበት ክፍል ከኔ ጎን ነው። የአለንጋው ድምፅ ይሰማኛል፤ የሳቸው ድምፅ ግን አልተሰማኝም።

እኔ ዘንድ የመጣው አስተርጓሚው ነው። ከረሜላ ሰጠኝ። ያዝኩት፤ አልበላሁትም።

«አንቺ የኛ ልጅ ነሽ» አለኝ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ። «ያቺ የሽፍታ ልጅ ናት። ማን ምን ሰጣት? ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

የኮባ ቅጠሉ ዓይኔ ላይ መጣ። በውነቱ እሷ እንደሆነች አልተጠራጠርኩም። ንዴቱ ራሴን ከሚያዞረው ነገር ይብስብኝ ነበር፤ እኔም እኮ በልቻለሁ! አብረን እንዋጥ እያልኳት ዝም ብላኝ!

«ምንም አላየሁም» አልኩት።

«አባትሽን ማየት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። «አስመራ ነው። ደህና ደመወዝ አለው። አውቀዋለሁ፤ ስለ አንቺ ይጠይቀኛል። ብትነግሪኝ በካሚዮን እልክሻለሁ።»

ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚለኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ሲመጣ ግን አላመንኩትም። መነጽሩ ላይ ራሴን ብቻ ነው የማየው።

«ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ አሁንም ያመዋል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ድኗል፣ ድኗል» አለ ሳያመነታ። «ሐኪሞቻችን አክመውታል። አሁን እምብዛም አይታይም።»

የአባቴ ግንባር ላይ ጠባሳ አልነበረም።

«ምንም አላየሁም ጌታዬ» አልኩት ዳግመኛ። ቢጠይቀኝ፣ ቢቆነጥጠኝ፣ ቢያስፈራራኝ ከዚህ ሌላ ቃል አላወጣሁም። ባንቺ አድርጋው ከሆነ ራሷ ትንገራቸው አልኩ በልቤ። አሳልፋ ሰጠች የሚባል ስም ምን እንደሚያደርግ በአባቴ አይቼዋለሁ፤ ያም እውነት ይሁን ውሸት ሳይታወቅ ነው።

ያወጣን የሰው ምሕረት አይደለም። ከዚያው ወፍጮ ዱቄት የገዙ የከተማው ሰዎች በየቤታቸው እየታመሙ ነበር፤ የአስካሪዎቹ ሚስቶችና ልጆችም እንዲሁ። ወታደሮች ሄደው ወፍጮ ቤቱን ሲከፍቱ ያልተፈጨው እህል ግማሹ እንክርዳድ ሆኖ ተገኘ። የወፍጮው ጌታ ግን አልተገኘም፤ ከነቤተሰቡ ጠፍቷል። ሳያውቅ የፈጨው ነው? ወይስ አውቆ ለጦሩ ያዘጋጀው? አንዳንዱ እንደ ጀግና ያነሣዋል። እኔ ትንሿን ጥሩን ስለማስታውስ ከምስጋናውም ከእርግማኑም ዝም እላለሁ። እስከ ዛሬ ግን እጠረጥረዋለሁ።

እኔንና ባንቺን ለቀቁን። ባሻይን «በቸልተኝነት» ብለው ወደ ሌላ አገር እስር ቤት ሊወስዷቸው ሆነ። ካሚዮኑ ከመነሣቱ በፊት ካፖርታቸውን እንዲወስዱ ወደ ምድጃው ቤት አስገቧቸው። ጀርባቸው ካፖርት የሚሸከም አልነበረም። እኔና ባንቺ አጠገባቸው ቆምን።

«ጓለይ፣ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ» አሉን። «ምላሴ መራራ ነው ብሎኝ ነበር። ቁጭ ብዬ መጠበቅም ጀምሬ ነበር። የሰው ጩኸት አስነሣኝ። ክፉ ነገር ቶሎ አይናገርም። የማታውቁትን ዱቄት ጋግራችሁ ብሉት፣ ከዚያ ቁጭ በሉ፤ ፀሐይዋ እስክትዞር ቁጭ በሉ። አለቃ ይጩኽ። ጩኸት ሰው አይገድልም።»

እጃቸውን ስመን ተለያየን። ከዚያ ወዲህ አላየናቸውም፤ ስለሳቸውም የሰማነው የለም። ሆስፒታል በሠራሁበት ዘመን ሁሉ አዲስ ዱቄት ሲገባ ትንሽ ጋግሬ በልቼ ግማሽ ቀን ሳልቀመጥ ለበሽተኛ አልጋገርኩም። ስንቱ አለቃ ጮኸብኝ! እውነት ለመናገር በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም መጥፎ ዱቄት አላገኘሁም። እንዲያም ሆኖ ተቀምጬአለሁ።

ካሚዮኑ ከሄደ በኋላ ባንቺ እጄን ይዛ ወደ እንጨቱ ክምር ወሰደችኝ። ራሷ ነች የጀመረችው።

«ምን አልሻቸው?» አለችኝ።

«ምንም አላየሁም አልኩ።»

«አይተሻል።»

«አይቻለሁ። አንቺ ነሽ ብዬም አምኛለሁ።»

እንባዋ ወረደ፤ ባንቺ ስታለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «የሰጠችኝ መርዝ ነበር» አለች። «ከአባቴ ወገኖች ነው የላኩት። ሊጥ ውስጥ ጨምሪው አለችኝ። ለአባትሽ ደም ነው አለችኝ።»

«የት አደረግሽው?»

«እሳት ውስጥ ወረወርኩት። እሷ ገና ከበሩ ሳትወጣ።»

«ለምን? አባትሽን የሰቀሉት እነሱ አይደሉም?»

በቀሚሷ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና ተቆጣችኝ። «የምትቀምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ! አንቺን ገድዬ ከማን ጋር ልተኛ ነው?» ከዚያ ቶሎ ብላ «እኔም ቀማሽ ስለሆንኩ ነው፤ አትኩሪ» አለች።

«ታዲያ ስንቀምስ ለምን ቀና ብለሽ አላየሽኝም?»

«ዋሽቼሽ ስለነበረ አፍሬ ነው።»

እየተላቀስን ሣቅን። ሱራ በመስኮት አይታን ምን ሆኑ ብላ ወጣች፤ እሷም አቀፈችን። ምን እንደሆንን አልነገርናትም። ምድጃው ሥራ አይፈታምና በማግስቱ እኛው አነደድነው። ኮርፖራሉ አጠገባችን ቆሞ ቢያዝም እሳቱን የምናውቀው እኛ ነበርን። ባንቺ ፍሙን ትጠርጋለች፣ እኔ ዱቄቱን በትኜ ቀለሙን አያለሁ። ትንንሾቹን ሰብስበን እህል እንዲለቅሙ አስተማርናቸው፤ የለቀሙትን መልሰን እያየን። ከብዙ ልጆች ጋር እህትማማች ሆንን። ረሃቡም፣ ቅማሉም፣ የምሽጉ ተኩስም ነበረ፤ ብቻዬን ግን አልነበርኩም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲወጣ ከየአገሩ ሰው ልጁን፣ የወንድሙን ልጅ ፍለጋ ወደ ግቢው ይጎርፍ ጀመር። ባንቺን አጎቷ መጡላት፤ አያ ቢተው ይባላሉ፣ ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ፣ ጠመንጃ ያነገቱ አርበኛ። እሷን አቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ይቺስ የማን ናት?»

አንድ ሰው ከበር በኩል «የባንዳ ልጅ ናት» ሲል ተሰማ።

አያ ቢተው ፊታቸው ጨፈገገ። «ተነሽ ባንቺ፣ እንሂድ» አሉ።

«እሷ ካልሄደች አልሄድም» አለች ባንቺ።

«ያለውን ሰምተሻል?»

«ከአንቱ በፊት ነው የሰማሁት። እኔም ጠርጥሬያት ነበር አያ። ከሷ ጋር በልቼ፣ ከሷ ጋር ታስሬ አይቻታለሁ። አንቱም ውሰዷትና እዩ።»

አያ ቢተው ሱራን አዩ፣ ግቢውን አዩ። ከዚያ የመጡባትን በቅሎ ፈቱ። እሺም እምቢም አላሉም። እኛ ግን ተከተልን።

የጨሞጋን ወንዝ ተሻግረን ወደ ዲማ አቅጣጫ ስንወጣ ባንቺ ከፊት በቅሎዋን ትስባለች፣ እኔ መሐል ነኝ፣ አያ ቢተው ከኋላ። ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው በእጃቸው ይዘውታል። ለሽፍታ ነው ወይስ ለኔ? መልሼ ሳይ ዓይናቸው እኔው ላይ ነው። ስቆም ይቆማሉ። ውሃ ስጠጣ እጄን ያዩታል።

ዳገቱ መሐል የበቅሎዋ ጭነት ተንሸራቶ ወደ ሆዷ ዞረ። በቅሎዋ ፈርታ መራገጥ ጀመረች፤ ባንቺ በሁለት እጇ ልጓሙን ይዛ ትታገላለች። ጭነቱን ለማቅናት ሁለት እጅ ያስፈልጋል። አያ ቢተው መጡ፤ ጠመንጃውን የሚያስደግፉበት ዛፍም ድንጋይም አጡ። ባንቺን አዩ፣ እጇ ሙሉ ነው። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ያዢ» አሉኝ። «አፈሙዙን ወደ መሬት።»

ሰጡኝ። ጀርባቸውን አዙረው ጎንበስ አሉና ጠፍሩን መፍታት ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው የሠሩት፤ ጭነቱን አወረዱ፣ መልሰው ጫኑ፣ አጠበቁት። አንድም ጊዜ ዞረው አላዩኝም። ሲጨርሱ አቧራውን ከእጃቸው አራግፈው ልጓሙን ከባንቺ ተቀበሉና ከፊት መውጣት ጀመሩ።

«አያ፣ ጠመንጃውን!» አልኩ ከኋላ።

«እስከ ዳገቱ ራስ ያዢልኝ» አሉ ሳይዞሩ። «ደክሞኛል።»

ከባድ ነበር። ማንገቻው ትከሻዬን ቆረጠኝ፤ ባንቺ ልርዳሽ ብላ እጇን ሰደደች። እምቢ አልኳት። እስከ ዳገቱ ራስ ድረስ ብቻዬን ተሸክሜው ወጣሁ።